ታፔላው ቤቱን አይዋጠው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ታፔላ ናቸው። አይገርመኝም። የኮሪደር ልማቱ ጅማ ከገባ ወዲህ መንገድ ዳር ሱቅ ያለው ሁሉ ቀና ብሎ የራሱን በር ማየት ጀምሯል። እኔ ደግሞ ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት እንጀራዬ ብሩሽና ቀለም ነበር። መርካቶ፣ ሂርማታና ፈረንጅ አራዳ ከጻፍኳቸው ታፔላዎች ጥቂቶቹ ዛሬም አሉ። ዝናብ ያልበላቸውን ማለቴ ነው። ስለዚህ የምመልሰው እንደ ጠበቃ አይደለም። መሰላል ላይ ወጥቶ ግድግዳ እንደነካ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፈረንጅ አራዳ በጣልያን ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ቤት ተከራይቼ ካፌ ልከፍት ነው። ከበሩ በላይ ቅስት አለ፣ በጣም ያምራል። ታፔላ የሚሠራልኝ ልጅ ግን ከዳር እስከ ዳር አራት ሜትር ላይትቦክስ፣ ከውስጥ የሚበራውን ሳጥን፣ እንግጠም፣ ቅስቱ ይሸፈናል፣ ዘመናዊ ይሆናል ይላል። ቀብድ ልከፍለው ነው። የቤቱ ባለቤት “እንደፈለግሽ” ብለውኛል። ፈቃድ ያስፈልገኛል? ከማን?

መልስ፦ ልጄ፣ ቀብዱን ለጊዜው ያዢው።

ፈቃድ ያስፈልግሻል። የምታንኳኪውም አንድ በር ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የንግድ ስምሽን እዪ። ያስመዘገብሽውና ታፔላው ላይ የሚወጣው ስም አንድ ይሁን። ብዙ ሰው አንድ ስም አስመዝግቦ በሩ ላይ ሌላ የሚያምር ስም ይሰቅላል። ቁጥጥር ሲመጣ ነው ጣጣው የሚታየው።

ቀጥሎ የቤቱ ባለቤት። “እንደፈለግሽ” የሚባል ነገር ነገ ይረሳል። በወረቀት አስፈርሚ። ታፔላው የት እንደሚሆን፣ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ስትለቂ ግድግዳውን ማን እንደሚጠግን ይጻፍ። ደግሞ አንድ ነገር አጣሪ። ከከተማችን የድሮ ቤቶች ብዙዎቹ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱ ናቸው። የቀበሌ ቤት የምንላቸው ማለት ነው። “ባለቤቱ” ያልሻቸው ሰው ራሳቸው የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆኑ፣ ፈቃዱ የእሳቸው አይደለም። የሚፈቅደው ቤቱን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ነው።

ከዚያ ማዘጋጃ ቤት። ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ቤቱን ከፊት ለፊት ፎቶ አንሺው፣ በትልቁ አሳትሚው፣ ታፔላው የሚያርፍበትን ቦታ በእስክሪብቶ አስምሪ። ቁመቱን፣ ወርዱን፣ ከመሬት ያለውን ከፍታ፣ ከግድግዳው የሚወጣበትን ልክ፣ ከምን እንደሚሠራ ጻፊበት። ጥያቄ ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ጥያቄውን ይዞ ይመለሳል። በር የምታሰፊ ወይም ግድግዳ የምታፈርሺ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከታፔላ አለፈ። የግንባታ ፈቃድ ነው፣ የሕንፃ ሹሙ ዘንድ ይሄዳል።

የመጨረሻው በር ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። የከተማው ባህልና ቱሪዝም። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቧል ወይ ብለሽ በደብዳቤ ጠይቂ፣ መልሱንም በደብዳቤ ተቀበይ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዲሆን ይፈቅዳል። ግን ቅርስን ለመጠገን አስቀድሞ የሚመለከተውን ባለሥልጣን ማስፈቀድ ግድ ነው። ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ የሚመድብ ሌላ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 839/2006። ስለዚህ ወረቀትሽ ወደ ክልሉ ሊመራ ይችላል። አትደንግጪ፣ ጊዜ ብቻ መድቢለት። የቤት ኪራይ መቁጠር ከመጀመሩ በፊት ቢሆን ደግሞ ይሻላል።

ቤቱ ካልተመዘገበስ? ያኔ የቅርስ ሕጉ እጅሽን ብዙም አይዝም። እኔ ግን ያኔም ቅስቱን አትሸፍኚ እልሻለሁ። ምክንያቴ ደግሞ ገንዘብ ነው። ላይትቦክስ ጅማ ውስጥ ዞር ባልሽበት ሁሉ አለ፣ ማንም ቆም ብሎ አያየውም። የድንጋይ ቅስት ያለው ካፌ ግን “የት ነበር ያ ቤት?” ተብሎ ይጠየቃል። ኪራይ የምትከፍዪበትን ነገር በገዛ ብርሽ ለምን ትሸፍኚዋለሽ?

አሁን ወደ ሥራው። ለሱቅ የተሠራ ቤት ብዙ ጊዜ ለስም የሚሆን ልሙጥ ሰቅ አለው፣ ከበሩ በላይ ወይም ከጣሪያው ክፈፍ በታች። ፈልጊው። ታፔላሽ እዚያ ይረፍ። ሳጥን ሳይሆን ነጠላ ፊደል ይሁን። ከብረት ወይም ከእንጨት የተቆረጠ፣ በትንንሽ እግር ከግድግዳው ራቅ ብሎ የቆመ። ውሃ ከኋላው ይወርዳል፣ ግድግዳውም ይደርቃል። የአስመራውን ሲኒማ ኢምፔሮ በፎቶ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1937 የተሠራ ነው። ስሙ በነጠላ ፊደል ከላይ ወደ ታች ተደርድሯል። ፊደሉን ብታነሺው ሕንፃው ራሱ የጎደለ ይመስላል።

ድሪሉ ድንጋዩን እንዳይነካ። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለውን ማያያዣ ይብሳ። ነገ ታፔላው ሲነሳ ማያያዣው ይደፈናል፣ የተሰነጠቀ ድንጋይ ግን አይድንም። ማያያዣው ኖራ ከሆነ ቀዳዳውን በኖራ ድፈኚ። ሲሚንቶ ከኖራ ይጠነክራል፣ እርጥበት ያፍናል፣ ውሎ አድሮ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ ይልጠዋል። ይህን ለታፔላ ሠሪው ብቻ ሳይሆን ለግንበኛውም ንገሪው። እሱ ሲሚንቶ ካልያዘ የሠራ አይመስለውም። ብሎኑ የማይዝግ ይሁን። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ተራ ብረት በአንድ ክረምት ግድግዳው ላይ ቡናማ እንባ ያወርዳል።

መብራት ካማረሽ ከላይ ወደ ታች የሚያበራ ትንሽ አምፖል ይበቃል። ፊደሉንም ድንጋዩንም ያሳያል። ገመዱን ግን በድሮው የእንጨት ኮርኒስ ውስጥ አታስጎትቺ። በቱቦ ይለፍ፣ የራሱ ብሬከር ይኑረው።

ልጁ ቅር ይለዋል። ላይትቦክሱ ላይ ነው የሚያተርፈው። አታስቀይሚው፣ ፊደሉን እሱ ይቁረጥ። እንዲያውም እጅ ያለው ከሆነ እዚያ ላይ ይታያል።

ጥያቄ፦ ታፔላዬን በአማርኛ ብቻ ባጽፈው ችግር አለው? ደንበኞቼ ሁሉ ያነባሉ።

መልስ፦ ችግር አለው። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ በጅማም የንግድ ቤት ታፔላ አፋን ኦሮሞውን ከላይ አድርጎ ይጻፋል። አማርኛና እንግሊዝኛ ከሥር ይከተላሉ። ቁቤውን በደንብ ለሚጽፍ ሰው አሳይተህ አሳርም። አናባቢ ሲጎድል ወይም ሲጨመር መንገደኛው ይስቅብሃል። ሌላው ችግር ቦታ ነው። በሦስት ቋንቋ ስሙን፣ የሥራውን ዓይነት፣ ስልኩን፣ “በጥራትና በቅናሽ” የሚለውን ሁሉ ስትጽፍ ታፔላው የማመልከቻ ደብዳቤ ይሆናል። ስሙ ትልቅ ይሁን፣ የሥራው ዓይነት ትንሽ። ሌላውን ገብተው ይጠይቁህ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ሂርማታ ያለው ቤታችን ከታች ሱቅ ከላይ የእንጨት ሰገነት ያለው ነው። ሟቹ አባቴ ናቸው ያሠሩት። ግድግዳው ላይ የሱቁ ስም በቀይና በጥቁር ቀለም ተጽፎ ነበር፣ አሁን ደብዝዟል። አዲሱ ተከራይ ሞባይል ይሸጣል፣ ይጥፋልኝ ይላል። ልጆቼ እንዳይነካ ይላሉ። እኔ መሃል ላይ ነኝ።

መልስ፦ ሐጂ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በዚህ ጉዳይ ከልጆችዎ ጋር ነኝ። ተከራዩም ግን አልበደለም፣ ስሙ መታየት አለበት።

ሁለቱም ይሆናል። የሰገነቱ ወለል የተሸከመው አግዳሚ እንጨት ከሱቁ በር ፊት ያልፋል ብዬ እገምታለሁ። ቀላል የእንጨት ወይም የአልሙኒየም ሰሌዳ ከዚያ ይንጠልጠል። ግድግዳው ሳይበሳ ስሙ ይታያል፣ የአባትዎ ጽሑፍም ከኋላው ይኖራል። ከባድ ነገር ግን አያሰቅሉ። እንዲህ ያለ ቤት ግድግዳው ብዙውን ጊዜ እንጨትና ጭቃ ነው። ልስኑ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ታፔላ አይሸከምም። ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ልስኑን ይዞ ይመጣል።

የድሮውን ጽሑፍ እንዲህ ይያዙት። ዛሬውኑ በጥሩ ብርሃን ፎቶ ይነሳ፣ አጠገቡ ሜትር ተዘርግቶ። ከዚያ አይንኩት። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። “ላድሰው” የሚል ቀለም ቀቢ ቢመጣ ሻይ ጋብዘው ይሸኙት። በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ ልወልውለው የሚለውንማ በሩን እንዳያልፍ። ቀለሙ ያረጀ ስለሆነ አብሮ ይነሳል። ቫርኒሽ ያብረቀርቀዋል የሚሉም አሉ። ጥቂት ጊዜ ነው የሚያብረቀርቀው፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፣ ይላጣል፣ ሲላጥም ጽሑፉን ይዞ ነው። እነዚያን ፊደሎች የጻፈው ሰው ያለ ኮምፒውተር፣ በክርና በጠመኔ መስመር አስምሮ ነው ልኩን ያወጣው። እንደገና ሲጻፉ የእሱ እጅ አይደሉም።

በኪራይ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ። “የግድግዳው ጽሑፍ አይቀባም፣ አይሸፈንም፣ አይበሳም” የሚል። ውል ላይ ያልሰፈረ ነገር ተከራይ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ቤቱን በቅርስነት ማስመዝገብ ከፈለጉም ባህልና ቱሪዝም መሄድ ይችላሉ። ሲመዘገብ ግዴታ ይመጣል፣ የመጠበቅ ወጪው የባለቤቱ ነው። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን ግን መንግሥት ሊያግዝ እንደሚችል አዋጁ ላይ አለ። ከቤተሰቡ ጋር ይምከሩበት። ሁሉም ወራሽ ካልተስማማ እኔ ባልሞክረው እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ የለስላሳ መጠጥ ካምፓኒ የሱቄን ታፔላ በነፃ ሊሠራልኝ ነው። ልቀበል?

መልስ፦ ነፃ አይደለም፣ በግድግዳህ ነው የምትከፍለው። ግማሹ ወይም ከግማሽ በላይ የእነሱ ስም ነው፣ ያንተ ስም ጥግ ላይ ትገባለች። ሕጉም ላይ ልዩነት አለው። የሌላ ሰው ምርት የሚያስተዋውቅ ሰሌዳ የቤት ስም ብቻ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ውስጥ ይገባል። ከመቀበልህ በፊት ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ፣ ክፍያውን በየዓመቱ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ አስፈርማቸው። የሲጋራ ከሆነ ግን ነገሩ አጭር ነው፣ የትምባሆ ማስታወቂያ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ “ታፔላህን አንሳ” ተብሎ በቃል ተነገረኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በጽሑፍ ይሰጠኝ በል፣ በትህትና። ምክንያቱና የሚፈለገው ልክ ይጻፍ። ልኩን ሳታውቅ አዲስ ብታሠራ እሱንም ልታነሳው ትችላለህ። ውሳኔው ካልተዋጠልህ አቤቱታህን ወደ በላይ አካል አቅርብ። ማንሳትህ ካልቀረ ግን ራስህ አንሳው፣ ብሎኑን እየፈታህ። ሌላ ሰው ሲነቅለው ከነልስኑ ነው የሚወርደው። ግድግዳ መጠገኑ ደግሞ ያንተ ዕዳ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከተማው ላይ ስዞር ታፔላው ዓይን ያደክማል። ለምን ሁሉም አንድ ቀለም፣ አንድ መጠን፣ አንድ የፊደል ዓይነት አይሆንም? ቅርሱም ይጠበቅ ነበር።

መልስ፦ ዓይን ማድከሙ ላይ እስማማለሁ። መድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም፣ ወንድሜ።

ከዚህ በላይ አይስፋ፣ መስኮት አይሸፍን፣ ጣሪያ ላይ አይውጣ፣ አይብለጭለጭ፣ የእግረኛ ራስ አይንካ። ይህ ሥርዓት ነው፣ እደግፈዋለሁ። ሁሉም አንድ ይምሰል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ቡና ነጋዴውም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ፋርማሲውም አንድ ሰማያዊ ሰሌዳ ሲለጥፉ ምኑ ነው የተጠበቀው? ሰሌዳው አዲስ ነው። ከኋላው ያለው ቤት አሁንም ተሸፍኗል።

ሳልዝበርግ የምትባል የኦስትሪያ ከተማ አለች። ጌትራይደጋሴ የተባለው ጠባብ መንገዷ ላይ ሱቆቹ በእሳት ተቀጥቅጦ የተሠራ የብረት ታፔላ ከግድግዳ አውጥተው ይሰቅላሉ። ማክዶናልድ እንኳ እዚያ ያንን የታወቀ ምልክቱን በብረት ጌጥ አንጠልጥሎታል። ቁሱና አሰቃቀሉ ይመሳሰላል። ታፔላዎቹ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ናቸው፣ የሚያምረውም ለዚህ ነው።

ሳኦ ፓውሎ ደግሞ ጠንከር አለች። እ.ኤ.አ. በ2006 “ንጹሕ ከተማ” የሚል ሕግ አወጣች። ከ2007 መጀመሪያ ጀምሮ የውጭ ማስታወቂያ ሰሌዳ ጨርሶ ተከለከለ። የሱቅ ታፔላ ስፋቱ በቤቱ ፊት ተለካ። ፊቱ ከ10 ሜትር በታች የሆነ ቤት ከ1.5 ካሬ ሜትር የበለጠ ታፔላ አይሰቅልም። ሰሌዳዎቹ ሲነሱ ተደብቀው የኖሩ የድሮ ሕንፃዎች ፊት ወጣ። ልብ በል፣ ቀለም አላዘዘችም። ልክ ነው ያዘዘችው። ለጅማ ከሁሉም የሚስማማኝ ይህ ነው። ትንሽ ቤት ትንሽ ታፔላ፣ የተቀረውን ለባለሱቁ ተዉለት።

ሰፈር ስለመጠበቅ ካነሳህ ደግሞ፣ የአሜሪካዋ ቻርልስተን እ.ኤ.አ. በ1931 የድሮ ሰፈሯን በከተማ ደንብ ከለለች፣ በአገሩ የመጀመሪያዋ ሆና። አንድ ቤት ሳይሆን ሰፈር ነው የከለለችው። የእኛ አዋጅ 209ም ይህን በር ከፍቶታል። የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች በብዛት የሚገኙበትን ቦታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የተከለለ ብሎ ሊያውጅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለ ፈቃድ ግንባታም፣ መንገድም፣ ቁፋሮም የለም። ሐረር ጁገል ከነግንቡ በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብም አንድ በር ወይም አንድ መስጊድ ብቻ አልነበረም።

በጅማ ቅርስ ሲባል ሰው ሁሉ ጅሬንን ይጠቁማል፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት። ይገባዋል። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የነገሡበት ነው። ግን ያ ቤተ መንግሥት ሀብቱን ያገኘው ከታች ካለው ገበያ ነው፣ ከሂርማታ። ከየአገሩ የመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚገናኘው እዚያ ነበር። የነጋዴዎቹ ሰፈር ቆርቆሮው ዝጎ፣ ሰገነቱ ተጋድሞ፣ ፊቱ በባነር ተሸፍኖ ሲታይ ማንም “ቅርስ ነው” አይልም። ባነሩ ሲነሳ ምን እንደሚወጣ አላየማ።

አንተ ተማሪ ነህ፣ ካሜራም ሜትርም አታጣም። ከጓደኞችህ ጋር ከፈረንጅ አራዳ ጀምራችሁ በር በበር ፎቶ አንሱ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ማለቴ ነው፣ አለበለዚያ ለግብር መጣችሁ ተብሎ ጭቅጭቅ ነው። የበሩን ልክ፣ የመስኮቱን ቅርጽ፣ የግድግዳውን ቁስ፣ የታፔላውን ስፋት መዝግቡ። አዛውንት ካሉ ቤቱን ማን እንዳሠራው ጠይቁ። አንዱን ቅጂ ለባህልና ቱሪዝም፣ አንዱን ለማዘጋጃ ቤት ስጡ። ያልተመዘገበ ቤት ሲፈርስ ማስረጃ የለውም፣ የሚሟገትለትም አያገኝም።

ጥያቄ፦ ታፔላዬን ከእንጨት ባሠራው የጅማ ዝናብ ይጨርሰዋል ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ኮምፐንሳቶ ከሆነ እውነት ነው፣ ያብጥና ይበታተናል። ዋንዛ ከሆነ ግን ዝም በላቸው። በዚህ ከተማ በርጩማና ወንበር የሚቀርጹ እጀ ወርቅ አናጺዎች ሞልተው ሳለ ሰው ታፔላውን ከፕላስቲክ ማሠራቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በደንብ የደረቀ ሳንቃ ምረጥ፣ እርጥቡ በኋላ ይጣመማል። ፊደሉን ጠልቆ እንዲቀረጽ አድርግ፣ ቀለሙ ቢለቅ እንኳ ይነበባል። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ስቀለው፣ የላይኛው ጠርዙ ውሃ እንዳይቋጥር ወደ ፊት ዘንበል ይበል። ጀርባውንም ቀባው። ፊቱን ብቻ ቀብቶ የሚያስረክብ አናጺ አለ፣ እንጨቱ የሚበሰብሰው ደግሞ ከጀርባው ነው። ከዚያ በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት አውርደህ የተልባ ዘይት አጠጣው።